ድመት በጆንያ

እንግሊዞች ምስጢር ያመለጠውን ሰው «ድመቷን ከከረጢቱ ለቀቃት» ይሉታል። ይህን የተማርሁት በደርግ ዘመን በሱዳኗ ገዳሪፍ፣ ራኩባ በሚሉት ሣር የለበሰ ዳስ ሥር፣ በዕድሜ ዐሥር ዓመት ከማንሰው መምህር ነው ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን እውነቱ ተገልብጦ ነው፤ ዐሥር ዓመት የሚያንሰኝ እሱ ነው። ንቀቱ ግን የታላቅ ንቀት ነበር።

እኔ የምነግደው ባዶ ጆንያ ነው። ሰሊጡና ማሽላው ከፋሽጋ እርሻዎችና ከዚያም ወዲያ በሎሪ ተጭኖ ይመጣል፤ ገዳሪፍ ገበያ ላይ ይራገፋል፤ ጆንያው ይጣላል። የተጣለውን በርካሽ እሰበስባለሁ። ባለቤቴና እኔ ቀዳዳውን በጆንያ መርፌ እንጠቅማለን፤ አራግፈን፣ አጥፈን፣ ለሚቀጥለው መኸር መልሰን ለገበሬው እንሸጣለን። ሱዳኖቹ «ሹዋል» ይሉታል። ያለ ሹዋል መኸር የለም፤ ሆኖም ጆንያ ነጋዴን ቀና ብሎ የሚያይ የለም። እኔም እንዲያ ሆኖ መኖሩን አልጠላሁትም። ማንም እንዲያየኝ የማልፈልግበት ምክንያት ነበረኝ።

ምክንያቱን አሁን ልናገር። ከመሰደዴ በፊት፣ በጎንደር ክፍለ ሀገር በአንዲት ትንሽ ከተማ ሱቅ ነበረኝ። ስኳር፣ ጨው፣ ሳሙና፣ ላምባ። ቀበሌው ወረሰውና የቀበሌ ሱቅ አደረገው። ከዚያ ሊቀ መንበሩ ጠራኝና ጠብመንጃ ሰጠኝ፤ «ዕቃውን የምታውቀው አንተ ነህ፣ አንተ ጠብቀው» አለኝ። ስምንት ወር ሙሉ የገዛ ሱቄን በመንግሥት ጠብመንጃ ጠበቅሁ። በክንዴ ላይ የአብዮት ጥበቃ ጨርቅ ነበረ። አንድ ጥይት አልተኮስሁም፤ ግን ጠብመንጃው ጠብመንጃ ነው፣ ጨርቁም ጨርቅ ነው። አንድ ቀን ለዘመቻ ሊወስዱኝ እንደሆነ ሰማሁና ባለቤቴን ይዤ በመተማ በእግር ወጣሁ።

ገዳሪፍ የነበረው አበሻ ግማሹ የሸሸው እንደ እኔ ጨርቅ ካሰሩት ሰዎች ነው። «አብዮት ጥበቃ ነበርሁ» ብሎ የሚናገር ሰው በነጋታው ሻይ አብሮት የሚጠጣ አያገኝም፤ ከዚያ የባሰም ሊያገኘው ይችላል። ደግሞ ወደ ሦስተኛ አገር ለመሄድ ማመልከቻ አስገብተን ነበር። በቃለ መጠይቁ ላይ ፈረንጁ፣ በገዳሪፍ አፍ ሐዋጃው፣ «መሣሪያ ይዘህ ታውቃለህ?» ብሎ ይጠይቃል ይባላል። አዎ ያለ ሁሉ ቀርቷል። እኔ ፋይሌ ላይ «ሱቄን ወሰዱብኝ» ብዬ አስጽፌአለሁ፤ እውነት ነው። ጠብመንጃውን አላስጻፍሁም።

ለራሴ ቢሆን ኖሮ ምንም አይደለም። ባለቤቴ ግን የጆንያ ብናኝ ደረቷን ይዟት ነበር። ክረምት ከበጋ ትስላለች። ሐኪሙ «ከዚህ ሥራ ውጪ» አላት። ከዚህ ሥራ መውጫው ያ ፋይል ነበር።

እንግዲህ መምህሩ። የጎንደር ከተማ ሰው ነው፤ እንግሊዝኛ ያስተምር ነበር፤ ተሰዶም እንግሊዝኛ ያስተምራል። ከሰዓት በኋላ ራኩባው ሥር ቃለ መጠይቅ የሚጠብቁ ሰዎችን ሰብስቦ ያስተምራል፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ ሐዋጃዎቹ ዘንድ ያስተረጉማል። በዚህ ምክንያት አበሻው ሁሉ እንደ ጳጳስ እጅ ይነሳዋል። እኔም እጅ እነሳዋለሁ፤ ግን ወገቤ ብዙ አይታጠፍም። ከመጀመሪያው ቀን አልተዋደድንም። እሱ «ንግድ ማለት በሕግ የተፈቀደ ሌብነት ነው» ብሎ አስተማረ፤ እኔ ደግሞ «መምህር ሲሰደድ ከጠመኔ በቀር የሚጭነው የለውም» ማለቴን ሰው አደረሰለት። እንደ ባለጌ አልተሰዳደብንም። በአንቱታ ነው የምንጣላው።

አንድ ቀን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ስለ ድመት የሚነገሩ አባባሎችን ጻፈ። ሐዋጃ ሲናገር እንዳይደናገረን ነው አለ። መጀመሪያ ያቺን የከረጢት ድመት አስረዳ።

«ከረጢት ውስጥ ድመት ምን ይሠራል?» አለ ከጎኔ የተቀመጠ፣ አገር ቤት የአውቶቡስ ሾፌር የነበረ ሰውዬ።

«በድሮ ዘመን ነው» አለ መምህሩ። «አጭበርባሪ ነጋዴ የአሳማ ግልገል ነው ብሎ ድመት በከረጢት አስሮ ይሸጣል። ገዢው ቤቱ ሲደርስ ይፈታዋል። ድመቷ ትወጣለች፤ ተንኮሉም አብሮ ይወጣል።»

«ታዲያ ገዢው ምን አማረረው?» አለ ሾፌሩ። «አሳማ ገዝቶ ምን ሊያደርገው ኖሯል? ድመትማ አይጥ ትይዝለታለች።»

ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ላይ ሳቀ። ያ ጉባኤ በሌላ ነገር ተስማምቶ አያውቅም። መምህሩ ግን አልሳቀም፤ ዐይኑን እኔ ላይ አደረገ።

«ጆንያ ነጋዴያችን ያስረዱን እስቲ» አለ። «ነጋዴ ጆንያ ውስጥ ምን ይደብቃል?»

«እኔ የምሸጥ ባዶውን ነው መምህር። ውስጡ የሚገባውን የሚያውቅ የገዛው ነው።»

«ባዶ ጆንያም ብዙ ይደብቃል።»

ሰው እንደገና ሳቀ። እኔ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ይኸ ሰውዬ የጎንደር ነው። ፈተና ሊቆጣጠር እኛ ከተማ ይመጣ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። አይቶኝ ቢሆንስ? በዚያ ጨርቅ፣ በዚያ ጠብመንጃ፣ በሱቁ በር ቆሜ አይቶኝ ቢሆንስ?

ነገሩን ላስቀይስ ብዬ የእኛን ተናገርሁ። «በእኛ አገር ድመት ጆንያ ውስጥ የምትገባው ሰው ለማታለል አይደለም» አልሁ። «ከቤት ወደ ቤት ስትዛወር መንገዱን እንዳታይ ነው። ጆንያው ውስጥ ትከታታለህ፤ ታስራለህ፤ በቀጥታ አትሄድም፤ ዞር ዞር ብለህ አደናግረሃት ከአዲሱ ቤት ትገባና በሩን ዘግተህ ትፈታታለህ። መንገዱን ካላየች እዚያው ትለምዳለች።»

«ካየችስ?» አለ መምህሩ።

«ካየችማ ትመለሳለች።»

«አዎ» አለ፣ እጁ ላይ ያለውን ጠመኔ እያራገፈ። «ያየ አይረሳም።»

ከዚያ ዞሮ ሁለተኛውን ጻፈ፤ ድመትን የገደላት የሰው ነገር ለማወቅ መጓጓቷ ነው የሚለውን። ሦስተኛው ደግሞ ዝም ላለ ሰው የሚነገር ነው፤ «ምላስህን ድመት ወሰደችው?» ይሉታል። ይኸን ሲያስረዳ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። «ለምሳሌ እሳቸውን አሁን እንዲህ ብለን ልንጠይቃቸው እንችላለን» አለ።

«ምላሴ አለ መምህር» አልሁ። «ዋጋ ሲጠራ ነው የሚናገር።»

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኋት። ጆንያ እየጠቀመች ነበር፤ መርፌዋን አላቆመችም።

«ያውቀኛል» አልኋት።

«በምን?»

«ለፈተና እኛ ከተማ ይመጣ ነበር።»

«ለፈተና የመጣ ሰው ስኳር ሰልፍ ላይ ምን ይሠራል?»

«ያን ጊዜ ስኳር ያልተሰለፈ ማን ነበር?»

ሳለች። ሳሏ እስኪያልፍ ጠበቅሁ። «ለቃለ መጠይቁ ሦስት ሳምንት ነው የቀረህ» አለች። «ሦስት ሳምንት ዝም ማለት ያቅትሃል? ሆድ ካገር ይሰፋል ይባል የለ፤ ያንተ ሆድ አንዲት ጠብመንጃ አይችልም?»

ልክ ነበረች። ግን ነጋዴ ሌላው ምን እንደያዘ ሳያውቅ እንቅልፍ አይወስደውም። ሰውዬው የሚያውቀው ምን ያህል እንደሆነ ከአፉ ለማውጣት ምክንያት ፈለግሁ፤ ምክንያቱንም አይጥ ሰጠችኝ። ጆንያ ስፌቱ ውስጥ ሰሊጥ ስለሚቀር መጋዘኔን አይጥ ወርሶት ነበር። መምህሩ ደግሞ የሚያስቸግረው ድመት እንዳለው ትምህርት ላይ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ። ሄጄ «ድመቷን ይስጡኝ፣ እኔ ዘንድ ትጠግባለች» አልሁት። እሺ አለ።

ቤቱ ስደርስ አላስገባኝም። ድመቷን አንገቷን ይዞ የግቢው በር ድረስ ይዟት ወጣ፤ በሩንም ከኋላው ገርበብ አደረገው።

«ግቡ አይሉም እንዴ?» አልሁ።

«ቤቱ አልተሰናዳም። ወንደላጤ ነኝ፣ ያውቁ የለ።»

አውቃለሁ። ሁሉም ያውቃል። «እኔ ብቻዬን ነኝ፣ ፋይሌ አንድ ገጽ ነው፣ ወደ ኋላ የሚያስቀረኝ የለም» እያለ ራኩባው ሥር ሲኩራራ እንሰማው ነበር። ድመቷን ጆንያ ውስጥ ከተትናት።

«ጆንያው ደህና ነው?» አለኝ።

«ጆንያ ያስተምሩኝ እንግዲህ።»

ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል ይባላል። ደህና ደህናውን ለገበያ አስቀምጬ፣ ለራሴ ጉዳይ የያዝሁት ማንም የማይገዛውን ነበር። እንደ ወጉ ድመቷን ላደናግራት በገበያው ዞርሁ፤ በወፍጮ ቤቱ ዞርሁ፤ በመስጊዱ ጀርባ አድርጌ በሎሪዎቹ መቆሚያ ተመለስሁ። ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ሰው «ምንድን ነው የተሸከምኸው?» ይላል፤ ድመቷ ትጮሃለች። መጋዘኑ ደርሼ ጆንያውን ሳወርድ ከጎኑ ሁለት ጣት የሚያሳልፍ ቀዳዳ አየሁ። በቀዳዳው አንድ ቢጫ ዐይን ያየኛል። ድመቷ ያን ሁሉ መንገድ የመጣች በመስኮት እያየች ነው።

ባለቤቴ ቀዳዳውን አይታ «ጆንያ ነጋዴ» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

በሁለተኛው ቀን ድመቷ የለችም። ወዴት እንደሄደች አያጠያይቅም። ማክሰኞ ነበር፤ መምህሩ ከሐዋጃዎቹ ዘንድ ነው። ባለቤቱ በሌለበት ቤት ሄዶ ድመት መፈለግ ደስ አይልም፤ እኔ ግን አለመኖሩን ፈልጌ ዕለቱን ሄድሁ። ምናልባት ጎረቤቶቹን ስለሱ እጠይቃለሁ ብዬ ነው።

በሩን አንኳኳሁ። የከፈተችው ሴት ናት። ወጣት ናት፤ ድመቷን በግራ ክንዷ አቅፋታለች። ሆዷ ገፍቷል፤ ስድስት ወይ ሰባት ወር ይሆናታል።

«ድመቷ መጥታ እንደሆን ብዬ ነው» አልሁ።

«አዎ መጥታለች አባባ፣ ዛሬ ጧት ነው» አለች ፈገግ ብላ፤ አነጋገሯ የጎንደር ነው። «እኔም ደስ አለኝ። ብቻዬን ስውል እሷው ናት የምታጫውተኝ።» ይህን ብላ ማን እንደሆንሁ ገባት መሰል ፈገግታው ጠፋ።

«የማን ነሽ?» አልኋት።

መሬት መሬት አየች። «የቤቱ ነኝ።»

ከውስጥ ከማድጋው ውኃ በጣሳ አምጥታ ሰጠችኝ። ጠጣሁ።

«አባባ፣ አላየሁም ይበሉልኝ» አለች። «ፋይሉ የተከፈተው ሳንገናኝ ነው። እኔን ካስጨመረ እንደገና ከመጨረሻ ይሰለፋል፤ ሁለት ዓመት ሦስት ዓመት ነው። እሱ ይሂድና በኋላ ያስመጣኛል። ሰው ካወቀ ዋሸ ብለው እሱንም ያስቀሩታል።»

«እኔ የመጣሁ ለድመት ነው» አልሁ። «ድመቷን አየሁ፤ ሌላ ያየሁት የለም። አንቺው ያዣት።»

ከዚያ ቤት ስወጣ የተሰማኝን አልደብቅም። በርካሽ የማይገኝ ሰሊጥ በርካሽ ያገኘ ነጋዴ እንዴት እንደሚራመድ ታውቃላችሁ፤ እንደዚያ ነው የተራመድሁ። ደግ ደስታ አልነበረም። የልጅቱ ልመና እስከ ገበያው ድረስ ተከተለኝ፤ ገበያው ውስጥ ስገባ ግን ቀረ። አሁን እኔም የያዝሁት ነገር አለ አልሁ።

በማግስቱ መምህሩ ራሱ መጋዘኔ መጣ። በሩ ላይ ቆመ። ነግራዋለች።

የእህል ገበያው ላይ አንድ ሕግ አለ፤ የሱዳን ነጋዴ ከእናቱ ጡት ጋራ የሚጠባው ነው። ዋጋ መጀመሪያ የጠራ ተበላ። ስለዚህ ሁለት ነጋዴ ተገናኝተው ግማሽ ቀን ስለ ዝናብ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ልጅ ሠርግ ያወራሉ እንጂ ስለ ሰሊጡ አያነሡም። ቀድሞ የቸኮለው ያነሣል፤ የቸኮለውም ይበላል። እኔ በዚህ ሕግ ስንቱን በልቻለሁ።

«ሙቀቱ ከፋ» አለ መምህሩ።

«አይጡም ከፋ» አልሁ።

«ድመቷ አልበጀችዎትም።»

«አገሯን ናፈቀች።»

ጆንያ ክምር ላይ ተቀመጠ። ባለቤቴ ገበያ ሄዳ ነበር። እሱ ጣራውን ያያል፤ እኔ መርፌ ላይ ሲባጎ አስገባለሁ። ሊለምነኝ ነው የመጣው፤ ይኸ ግልጽ ነው፤ እስኪለምን መጠበቅ ብቻ ነበር የቀረኝ። ግን ያ «ያየ አይረሳም» ያለው ነገር ለሁለት ሳምንት ሲያብከነክነኝ ከርሟል። አላስቻለኝም።

«እንግዲህ መምህር፣ አንቱም የእኔን ይዘዋል፣ እኔም የአንቱን ይዣለሁ» አልሁ። «አንቱ ዝም ካሉ እኔም ዝም ነኝ። ተመጣጠንን።»

ቀና ብሎ አየኝ። «የእርስዎን ምን?»

«አይቀልዱ እስቲ።»

«የእርስዎን ምን ይዣለሁ?»

«ጠብመንጃውን ነዋ። ራኩባ ሥር በድመት አሳበው ሲወጉኝ የከረሙበትን።»

ፊቱ ላይ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳም። ምንም አልነበረበትም። ባዶ ነበር። ሰውዬው የሚያውቀው አንድም ነገር የለም። ያን ሁሉ ቀን የተናገረኝ ነጋዴ ስለሚጠላ ብቻ ነው። ከዚያ ባዶው ፊት ቀስ በቀስ ሞላ።

«የምን ጠብመንጃ?» አለ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ልመልሰው ብል የሚመለስ አልነበረም፤ ግማሹን ለመሸፈን ስል ቀሪውን ነገርሁት። ሱቁን፣ ስምንት ወሩን፣ ስኳሩን። እያየኝ ተነሣ።

«አብዮት ጥበቃ ነበርህ» አለ። አንቱታው እዚያ ላይ ቀረ።

«ስኳር ነው የጠበቅሁ።»

«ሁሉም ስኳር ነው የጠበቀ። እዚህ ካለው አበሻ ሁሉ ስኳር ያልጠበቀ አንድ አላገኘሁም። ወንድሜን ከእናቴ ቤት ያወጡትም ስኳር ሲጠብቁ ይሆናል።»

«እኔ ሰው አላወጣሁም።»

«ጠብመንጃ ይዘህ በር ላይ ቆመሃል። ሌላው ገብቶ እንዲያወጣ በር ላይ የሚቆም ያስፈልጋል።»

ሲወጣ በሩ ላይ ዞረ። «ስለ እሷ አንድ ቃል ካወጣህ» አለ፤ ቀሪውን አልጨረሰውም። እኔም «አንተም ስለ እኔ» አልሁት። እንዲህ ተለያየን። ስምምነት ነው ብንል ስምምነት ነው፤ ግን ሁለታችንም ያመንነው አይመስለኝም። እኔ አላመንሁትም። ወንድሙን የቀበረ ሰው አፉን ለእኔ ብሎ ይዘጋል ብዬ እንዴት ልመን?

ለባለቤቴ ይህን አልነገርኋትም። «መምህሩ ምን አለ?» ስትለኝ «ስለ ድመቷ ነው» አልኋት።

ቀኑ ደረሰ። ማክሰኞ። ሐዋጃው ቀጭን፣ ላቡ ሸሚዙን ያራሰው ሰው ነበር፤ ጣራው ላይ ማራገቢያ ይንገዋለላል፤ ወረቀቱ እንዳይበር ድንጋይ ጭኖበታል። ባለቤቴን አስቀድመው ጠይቀው ጨርሰው ውጭ አስቀምጠዋታል። መምህሩ በሐዋጃው ቀኝ ተቀምጧል። ሰላም አላለኝም፤ አላየኝምም፤ ለግድግዳው ነው የሚናገረው። ስም፣ ዕድሜ፣ የት ተወለድህ፣ ሱቁ መቼ ተወሰደ፤ ሁሉንም በትክክል አስተረጎመ። ጥቂት ጥቂት ስለተማርሁ እከታተለው ነበር።

ከዚያ ሐዋጃው ብዕሩን ወደሚቀጥለው መስመር አወረደና ጠየቀ። መምህሩ ወደ አማርኛ አዞረው፤ እንደ ባዕድ በአክብሮት።

«መሣሪያ ይዘው ያውቃሉ? በመንግሥት ጥበቃ ውስጥ አገልግለው ያውቃሉ?»

እንዲህ አሰብሁ። አልያዝሁም ብል ይኸ ሰው ለሐዋጃው «ውሸቱን ነው» ይለዋል፤ ጠብመንጃውም ውሸቱም አንድ ላይ ይያዙብኛል። እኔው ራሴ ብናገር ቢያንስ ስኳሩን አብሬ እናገራለሁ። በልቤ ደጋግሜ መዘንሁት፤ ሚዛኑ ወደዚያ አጋደለ።

«ይዤአለሁ» አልሁ። «ስምንት ወር። የራሴ የነበረውን የቀበሌ ሱቅ ስጠብቅ። አንድ ጥይት አልተኮስሁም።»

መምህሩ ለመጀመሪያ ጊዜ አየኝ። ከዚያ ወደ ሐዋጃው ዞረና አንዲት ቃል ብቻ ተናገረ።

«ኖ።»

ቃሏን አውቃታለሁ። ያስተማረኝ እሱ ነው። ሐዋጃው ራሱን ነቀነቀና መጻፍ ጀመረ።

ነገሩ ገባኝ። ሰውዬው ቃሉን ጠበቀ። ለእኔ ብሎ አይደለም፤ ለሴቲቱ፣ ለሆዷ ብሎ ነው። እኔ ዝም ብል አለቀ። የምንፈልገው ሁሉ በዚያ ብዕር ጫፍ ላይ ነበር፤ የባለቤቴ ደረት፣ ከጆንያ ብናኝ መውጣት፣ ሁሉም። ዝም ማለት ብቻ ነው። ግን መምህሩ ደግሞ አየኝ፤ አስተያየቱ ለማኝ ሳንቲም የሰጠ ሰው አስተያየት ነው፤ ሰጥቶ እጁን የሚጠርግ ሰው። ከዛሬ ጀምሮ የምበላው እንጀራ፣ የምተኛበት አልጋ ሁሉ የዚህ ሰው ችሮታ ሊሆን ነው አልሁ። ደግሞም አሁን ተንኮሌን ልናገር፤ የሐሰት ቃል ከአፉ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ እውነቱን ከነገርሁ እሱም አብሮኝ ይወድቃል። የትኛው እንደገፋኝ ስንት ዓመት አስቤ አልለየሁትም።

«የስ» አልሁ።

ሐዋጃው ቀና አለ።

«እኔ፣ የስ» አልሁ ደረቴን እየመታሁ፤ ጠብመንጃ እንደያዘ ሰው በባዶ እጄ አነጣጥሬ አሳየሁት። መምህሩ ዐይኑን ጨፈነ።

ሐዋጃው ብዕሩን አስቀመጠ። መምህሩን አንዴ፣ እኔን አንዴ አየ። ከዚያ ከሌላው ክፍል ሌላ አስተርጓሚ አስጠራ፤ አንድ የትግርኛ ተናጋሪ፤ አማርኛውም ደህና ነው። ሁሉንም እንደገና ተናገርሁ። ስኳሩን ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ፈጀ። ሐዋጃው በትሕትና ሰማኝ፤ በትሕትናም አሰናበተኝ።

ውጭ ባለቤቴ «እንዴት ነበር?» አለችኝ።

«ጠየቁ፣ መለስሁ» አልኋት።

ከዚያ በኋላ መምህሩ ማክሰኞ ማክሰኞ ቤቱ ዋለ። ለሐዋጃ የዋሸ አስተርጓሚ በሌላም ነገር ሳይዋሽ አይቀርም ብለው ይሆናል፣ ፋይሉን አውጥተው እንደገና መረመሩ፤ ሰው ቤቱ ድረስ ላኩ። ሴቲቱን አገኟት። እኔ ስለ እሷ ለአንድ ፍጡር ትንፍሽ አላልሁም። እሱ ግን የጠቆምሁ እኔ መስሎታል፤ ሌላ ማን ሊናገር ይችላል? አንድ ቀን እህል ገበያው መሐል ተገናኘን። ቆመ።

«በእርጉዝ ሴት ጨከንህ» አለኝ፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም። እግሬ ሥር ተፋና አለፈ።

አልተከተልሁትም። ብከተለው ምን እለዋለሁ? ስለ እሷ አልተናገርሁም ልለው ነው? አልተናገርሁም፤ ግን እዚያ ቤት ሰው የላከው የእኔ «የስ» ነው። ይኸን እሱ ባያውቀው እኔ አውቀዋለሁ።

የአብዮት ጥበቃነቴን ወሬ ራኩባው ሥር እሱ አልበተነውም፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ስሜን ማንሣት አስጠልቶት ይሆናል። ወሬው ግን በሌላው አስተርጓሚ በኩል ወጣ። ሾፌሩ መንገድ ላይ ሲያየኝ ዕቃ የረሳ ሰው መስሎ ይመለስ ጀመር። ጆንያ ሲፈልጉ ግን ይመጣሉ። መኸር ነበር፤ ጆንያውን የጠቀመው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ገበሬ የለም።

የሚሄዱት ሰዎች ስም ዝርዝር የተለጠፈው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ባለቤቴ ሄዳ አየችው፤ ፊደል ትለያለች። ስትመለስ መጋዘኑ ውስጥ እየጠቀምሁ ነበር። ሻሿን ፈታች፤ ፊቷን ጠረገችበት፤ ከፊቴ ተቀመጠች።

«የለንም» አለች።

ሲባጎውን በጥርሴ በጠስሁ።

«ሴቶቹ ነገሩኝ። መምህሩ የለም ብሎልህ ነበር አሉ።»

«ብሎልኛል።»

«አንተ ምን አልህ?»

«እውነቱን።»

«እውነቱን ማን ጠየቀህ?»

«ሐዋጃው።»

«ሐዋጃውማ» አለች፣ «መልሱን አግኝቶ ነበር።»

ሳል መጣባት። ረጅም ሳል ነበር፤ ሲያልፍላት ከክምሩ ላይ የተቀደደ ጆንያ ሳበች፤ መርፌዋን ፈልጋ ጀመረች። ያን ቀን ወጥ አልሠራችም። እኔም ራበኝ አላልሁም።